ለሌለ የውርስ ግብር ተብሎ ቤት ይሸጣል ወይ? ከጅማ የተነሣ ጥያቄና 43 ምላሾቹ

ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ ነበርሁ። እናቴ 76 ዓመቷ ነው፤ ጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር አባቴ በሕይወት ሳለ በሠራው ቤት ትኖራለች፤ በመንገዱ በኩል ሁለት የሚከራዩ ሱቆች አሉ። መስከረም ላይ ከዕድር ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ አየሁና ምን እንደ ገጠማት ጠየቅኋት። የምታከብራቸው አንድ ጎረቤት፣ ሰው ሲሞት መንግሥት ከቤቱ ላይ የውርስ ግብር ስለሚቆርጥ፣ ቤቱን ዛሬውኑ ለታላቅ ወንድሜ በሽያጭ ውል ብታዞረው እንደሚሻላት መክረዋት ነበር። ገንዘብ አይከፈልም፣ ዋጋው በወረቀት ላይ ዝቅ ተደርጎ ይጻፋል፣ ግብሩም በዚህ ይቀራል የሚል ምክር ነው። ውሉን የሚጽፍ ሰው ጭምር ተገኝቶላታል።

እኔ የመምህርነት ሥራ እንጂ የሕግ ዕውቀት የለኝም። ስለዚህ በአገር ውስጥም በውጭም ያለን የጅማ ልጆች በምንወያይበት መድረክ ላይ ሦስት ነገር ጠየቅሁ፦ በኢትዮጵያ የውርስ ግብር የሚባል አለ ወይ? ካለ በሽያጭ ወይም በስጦታ ማዞር ያቀልለዋል ወይ? ሜሪላንድ የምትኖረውና የአሜሪካ ዜግነት ያላት እኅቴስ ድርሻ ቢደርሳት በዚያ በኩል የሚጠብቃት ዕዳ ይኖራል ወይ? በ11 ቀን 43 ምላሽ መጣ። ብዙዎች በአንድ ቦታ እንዲሰበሰብ ስለጠየቁኝ፣ ቃላቸውን ሳይሆን ሐሳባቸውን እንደ ተረዳሁት እዚህ አስፍሬዋለሁ።

1ኛው ምላሽ ለእናቴ ጤና ተመኝቶ፣ ግብሩ መኖሩን እንደ ሰማና ከመቶ አሥር እንደሚሆን እንደሚገምት ጻፈ። 2ኛው በዚሁ ላይ ተንተርሶ፣ ነገሩ እውነት ከሆነ በቶሎ ማዞር እንደሚሻል አከለ። ሁለቱም በቅንነት ነው የጻፉት፤ ነገር ግን እናቴን ያስደነገጣት ወሬ የሚባዛው በዚሁ መንገድ መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

3ኛውን የጻፈው አዲስ አበባ የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ ነው። በኢትዮጵያ በሟች ሀብት ላይ ወይም በወራሽ ድርሻ ላይ የሚጣል የውርስ ግብር እንደሌለ በማያሻማ ሁኔታ አስረዳ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979፣ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ነገር በተቀባዩ እጅ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር እንዳይከፈልበት አድርጓል፤ ንብረቱ በሞት ምክንያት ወደ ወራሽ ሲተላለፍም ሟቹ ሸጦ እንዳተረፈ አይቆጠርም። ግብሩ የሚመጣው ወራሹ በተራው ሲሸጥ ወይም ሲያከራይ ነው።

4ኛዋ ጸሐፊ በገቢ ሰብሳቢነት ለዓመታት የሠራች እኅት ናት፤ ወሬው ከየት እንደ መጣ የገባኝ በእርሷ ማብራሪያ ነው። ሰው በየዓመቱ የሚከፍለውን የቤትና የቦታ ግብር፣ በጥር 2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ጋር፣ ያንንም ከውርስ ጋር አደባልቆ እንደሚያወራ ገለጸች። ያ ግብር ቤቱን የሚከተል እንጂ ሞትን የሚከተል አይደለም፤ ባለቤቱ ቢኖርም ቢሞትም ይከፈላል። ሆኖም ውዝፍ ካለ ወራሾች ስም ለማዞር በሚሄዱበት ቀን መንገድ ይዘጋባቸዋልና፣ ደረሰኞቹ በእጃችን መኖራቸውን እንድናረጋግጥ መከረችን። 5ኛው ተሳታፊ ግን ጎረቤታችንን በደላላነት ጠርጥሮ ጠንከር ያለ ቃል ተናገረ። 6ኛዋ ደግሞ ሽማግሌው በሌሉበት ስማቸውን ማጉደፍ ተገቢ አለመሆኑን ጠቅሳ አረመችው፤ እኔም ከእርሷ ጋር ነኝ፤ ሰውየው ከእናቴ ጋር 40 ዓመት የኖሩ ጎረቤት ናቸው።

7ኛው ምላሽ የውይይቱን አቅጣጫ ቀየረው። የጻፉት ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ረጅም ስለነበር ደጋግሜ አነበብሁት። ለይምሰል የሚደረግ ሽያጭ፣ የሌለ ግብር ለመሸሽ ተብሎ በእርግጥ ያለ ግብር ላይ መውደቅ ነው የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ውርስ ባይቀረጥም ሽያጭ ይቀረጣል። የማይንቀሳቀስ ንብረት በሽያጭ ሲተላለፍ ከዋጋው ላይ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ። በተጠቀሰው የ2008ቱ አዋጅ መሠረት ከሽያጩ የተገኘው ትርፍ 15 በመቶ ይቀረጣል፤ ግብር በሚታሰብበት በእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ብር ትርፍ ላይ 150 ሺህ ብር ማለት ነው። ለሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ በመኖሪያነት ብቻ ያገለገለ ቤት ከዚህ ነጻ ቢሆንም፣ የእኛው ግን ሁለት ሱቆች የሚከራዩበት ስለሆነ ሙሉ በሙሉ መኖሪያ ነው ለማለት ያስቸግራል። ዋጋን ዝቅ አድርጎ መጻፍም አያድንም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ የራሱን ግምት ያወጣል። ከሁሉም በላይ የከበዳቸው ግን ገንዘቡ አልነበረም። እናት ከሞተች በኋላ ሌሎቹ ልጆች ሽያጩ ለይምሰል ነበር ብለው ክስ ሊመሠርቱ ይችላሉ፤ ታላቅየው ልጅ በእውነት ገንዘብ እንዳልከፈለ በመሐላ ሲጠየቅ ምን ይመልሳል? በችሎት ላይ በኖሩባቸው ዓመታት እኅትና ወንድም በአንድ በር ገብተው በሁለት በር የወጡበትን ብዙ መዝገብ አይተዋል። ሲጨርሱ አንዲት ጥያቄ ጨመሩ፦ ካርታው በማን ስም ነው?

ያን ማታ እናቴ አልጋ ሥር ያለውን የቆርቆሮ ሳጥን አወጣን። የቤቱ የባለቤትነት ደብተር በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ፣ በውስጡ የቤትና የቦታ ግብር ደረሰኞች በጎማ ታስረው ነበር፤ ከላይ ያሉት አዲስ ናቸው፣ ከታች ያሉት ግን ቀለማቸው ደብዝዞ ቁጥሩ በጭንቅ ይነበባል። ሽፋኑን ስገልጥ የአባቴ ስም ብቻ ተጽፎ አገኘሁ። አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ማናችንም ፍርድ ቤት ሄደን የወራሽነት ማረጋገጫ አላወጣንም። እናቴ ልትሸጠው ተዘጋጅታ የነበረው ቤት በሙሉ የእርሷ አልነበረም ማለት ነው። ይህንን በ8ኛው ምላሽ ላይ እንዳለ ጻፍሁ።

9ኛው ምላሽ የዳኛው ስሌት ነው። በጋብቻ ውስጥ የተፈራው ቤት የባልና የሚስት የጋራ በመሆኑ ግማሹ ከመጀመሪያውም የእናቴ ነው። የአባቴ ግማሽ ኑዛዜ ስላልነበረ ለሦስት ልጆቹ በእኩል ይደርሳል፤ ስለዚህ ቤቱ በስድስት ቢከፈል ሦስቱ የእናቴ፣ የቀሩት ሦስቱ አንድ አንድ የእኛ ናቸው። ሚስት በፍትሐ ብሔር ሕጉ የባሏ ወራሽ አይደለችም። የመጀመሪያው ተራ የልጆች ነው፤ ወንድ ሴት ሳይለይ እኩል ይካፈላሉ፤ ልጅ ከሌለ ወላጆች ይከተላሉ።

ሚስት አትወርስም የሚለው ቃል ውይይቱን ለሁለት ቀን ያህል ወሰደው። ከ10ኛው እስከ 14ኛው ያሉት ምላሾች በሙሉ በዚህ ላይ ናቸው። አንዷ ጸሐፊ እናቷ አባቷን ለስድስት ዓመት አስታምማ ከቀበረች በኋላ፣ ቤቱ ከጋብቻው በፊት የተገኘ የግል ንብረት ነው ተብሎ ከባሏ የቀድሞ ትዳር በተወለዱ ልጆች እጅ መግባቱን በምሬት ተረከች። ሌላው ሕጉ ጨካኝ ነው ሲል፣ ሦስተኛው የጋራ ንብረቱ ግማሽ የእርሷ ሆኖ ሳለ ጨካኝ የሚያሰኘው ምን እንደ ሆነ ጠየቀ፤ ቃላቸውም እየጠነከረ ሄደ። እኔ በበኩሌ ይህን የመሰለው ክፍተት የሚደፈነው በሕይወት ሳሉ በሚደረግ ኑዛዜ መሆኑን ከዚህ ጭቅጭቅ ተምሬአለሁ፤ ባል ለሚስቱ በኑዛዜ መስጠት ይችላልና።

15ኛው ምላሽ ከአጋሮ የቡና ነጋዴ የሆነ ወንድማችን የጻፈው ነው። በጅማና በአካባቢው ብዙው ሰው ሙስሊም ስለሆነ ውይይቱ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻ መወሰኑ ትክክል አለመሆኑን በጨዋ ቃል አሳሰበ። በሸሪዓ ሚስት ወራሽ ናት፤ ልጅ ካለ ከስምንት አንድ ይደርሳታል፤ ሴት ልጅ የወንዱን ግማሽ ትወስዳለች፤ ኑዛዜም ከሀብቱ ሢሶ ማለፍ የለበትም። 16ኛው፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው ባለጉዳዮቹ ሁሉ ሲስማሙ ብቻ መሆኑን፣ ይህም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ የተመሠረተ እንደ ሆነ ጨመረ። አንዱ ወራሽ አልፈልግም ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ነጋዴው ይህንን ተቀብሎ፣ አባቱ ልጆቹን ሰብስቦ የትኛውን መንገድ እንደሚከተሉ በሕይወቱ እንዳስማማቸው ነገረን። ግብር የለም ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ዕቅድ እንዳልሆነ የእርሱ አባት ከእኛ ቀድመው ተረድተውታል።

ከ17ኛው ጀምሮ በውጭ ያሉት ገቡ። ሜሪላንድ ውስጥ የግብር ሥራ የሚሠራ ጅማ ተወልዶ ያደገ ወንድማችን፣ የእኅቴን ጉዳይ በጥንቃቄ ዘርዝሮ መለሰ። አሜሪካ የሟቹን ሀብት ትቀርጣለች፤ ከፍተኛው መጠን 40 በመቶ ነው። ዜጋ ከሆነ ወይም መኖሪያውን በቋሚነት እዚያ ካደረገ፣ የሚቆጠረው አሜሪካ ያለው ብቻ ሳይሆን በዓለም ላይ ያለው ሁሉ ነው፤ እኅቴ ጅማ ያላት አንድ ስድስተኛ ድርሻም ከዚህ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን ከግብር ነጻ የሆነው መጠን ለ2025 እ.ኤ.አ. 13.99 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ በወጣው ሕግ ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 15 ሚሊዮን ሆኗል። ስለዚህ ደመወዝተኛ የሆነ ሰው የፌዴራሉ ግብር አይደርስበትም። የአባታችን ድርሻ ለእኅቴ ሲደርሳት ደግሞ እርሷ ተቀባይ እንጂ ከፋይ አይደለችም፤ ሆኖም አንድ አሜሪካዊ ከውጭ አገር ሰው ሀብት በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ በውርስ ቢያገኝ ግብር ባይከፍልበትም ቅጽ 3520 በሚባለው ማሳወቅ አለበት፤ ዝም ቢል ቅጣቱ እስከ 25 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

ከዚያ ሁላችንም ያላሰብነውን ነገር አመጣ። ሰው የፌዴራሉን ብቻ አይቶ ይረጋጋል እንጂ ክፍለ ግዛቶችም የራሳቸው አላቸው። ኦሪገን ከ1 ሚሊዮን ዶላር ጀምሮ ትቀርጣለች፤ ሲያትል ላሉት ደግሞ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ከ3 ሚሊዮን ገደማ ጀምሮ ትጠይቃለች፤ ቨርጂኒያ ምንም የላትም። ሜሪላንድ ግን ሁለቱንም ዓይነት የያዘች ናት፦ ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ የሟች ሀብት ላይ አንድ፣ በተቀባዩ ማንነት ላይ ሌላ። በሁለተኛው ግብር ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድምና እኅት አይከፍሉም፤ የወንድም ልጅ ግን 10 በመቶ ይከፍላል። እኅቴ ልጅ የላትም፤ የሜሪላንድ ቤቷን ጅማ ላለው የወንድሜ ልጅ ልታወርስ እንደምታስብ ብዙ ጊዜ ነግራናለች። 1ኛው ምላሽ ላይ የተወራው ከመቶ አሥር ያለው እዚህ ጅማ ሳይሆን እዚያ ነበር። ወንድማችን እንደ መፍትሔ ያቀረበው፣ ሐሳቧ የጸና ከሆነ በየዓመቱ በሕይወቷ እንድትሰጠው ነው፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ለአንድ ሰው እስከ 19 ሺህ ዶላር ያለ ምንም ማስታወቂያ መስጠት ይቻል ነበር።

18ኛው ምላሽ አጭር ቢሆንም ጅማ ተቀምጠው በኢንተርኔት ለውጭ ድርጅት ለሚሠሩ ወጣቶች ጠቃሚ ነው። የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ያልሆነ ሰው፣ ባለበት አገር ሆኖ የአሜሪካ ኩባንያ አክሲዮን ከገዛና ከሞተ፣ ነጻ የሚሆንለት 60 ሺህ ዶላር ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ላይ ግብሩ ይጀምራል። ኢትዮጵያና አሜሪካ በውርስ ግብር ላይ የተፈራረሙት ስምምነትም የለም። በአሜሪካ ባንክ የተቀመጠ ተራ ተቀማጭ ገንዘብና በራሱ ሕይወት ላይ የተገባ የሕይወት ኢንሹራንስ ግን ለእንዲህ ያለው ሰው ከዚህ ውጭ ናቸው።

19ኛዋ ከለንደን የጻፈች እኅት ናት። በእንግሊዝ ከ325 ሺህ ፓውንድ በላይ 40 በመቶ እንደሚከፈል፣ ሰው ለልጁ ስጦታ ሰጥቶ ሰባት ዓመት ከኖረ ግን ስጦታው ከስሌቱ እንደሚወጣ ገለጸች። 20ኛው ይህንን አንብቦ እናቴም ዛሬ ሰጥታ ሰባት ዓመት መኖር ይኖርባታል ብሎ ደመደመ፤ 22ኛው ደግሞ በኢትዮጵያ ሕግም ሰባት ዓመት የሚል ማንበቡን መስክሮ አጠናከረለት። ዳኛው በ26ኛው ላይ ሁለቱን ለዩአቸው፦ የለንደኑ ሰባት ዓመት የግብር ነው፤ የእኛው ሰባት ዓመት ግን ሰው በገዛ እጁ ጽፎ ያስቀመጠው ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ይሆናል የሚል ነው። ግብር ከዚህ ውስጥ የለበትም።

በመካከል የተነሣውን ጠብ መዝለል አልፈልግም፤ አሳምሞኛልና። 21ኛው ስሙን ያልገለጸ ጸሐፊ በውጭ ያሉ ልጆች እናት ስትታመም አይታዩም፣ ቤት ሲከፈል ግን ቀድመው ይደርሳሉ ሲል እኅቴን ሳያውቃት ነካት። 23ኛው በአንጻሩ ታላቅ ወንድሜን የሱቅ ኪራይ ለዘጠኝ ዓመት በላ በሚል ከሰሰው፤ የሌላ ወራሽ ድርሻ የያዘ ሰው ላይ የሚቀርብ ክስ መብትን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በሦስት ዓመት፣ ከሞቱ ቀን ጀምሮ ደግሞ በ15 ዓመት በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ፣ እንደሚታገድ ጠቅሶ ፍጠን አለኝ። በይርጋው ያለው ነጥብ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ስለ ወንድሜ የተባለው ግን እውነት አይደለም፤ የእናቴ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በየወሩ የሚገዛው በዚያ ኪራይ ነው፤ ሒሳቡን በደብተር ይይዛል፣ እኔም አይቼዋለሁ። ይህንን በ24ኛው ላይ በቁጣ ጻፍሁ።

25ኛው ምላሽ የእኅቴ ነበር። መድረኩን እንደምትከታተል አላውቅም ነበር። የአባታችንን ድርሻ በሚመለከት ወንድሟን የምትጠይቀው ምንም ሒሳብ እንደሌላት፣ የምትፈልገው ስሟ በወራሽነት ማረጋገጫው ላይ እንዲሰፍር ብቻ መሆኑን፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ስላላትም በስሟ ንብረት መያዝ እንደምትችል በአምስት መስመር ጽፋ ወጣች። ከዚያ በኋላ ያ ስሙን ያልገለጸ ሰው አልተመለሰም።

ከ27ኛው እስከ 31ኛው ያሉት ስለ ስጦታ ናቸው። ሽያጩ ከቀረ እናቴ ግማሿን ለልጆቿ በስጦታ ብታዞርስ የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ የሚደረግ፣ ማለትም በምስክሮች ፊት የሚነበብ፣ ኑዛዜን ፎርም ካልተከተለ ዋጋ እንደሌለው አንዱ አስታወሰ። ክብደት የነበረው ግን 29ኛው፣ የባንክ ሠራተኛ የሆነ ሰው ያየው ታሪክ ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ቤቷን ለአንድ ልጇ በስጦታ ሰጠች፤ ልጁ ለንግድ ብድር ቤቱን አስያዘ፤ ዕዳው አልከፈል ሲል ቤቱ በሐራጅ ተሸጠ፤ እናትየዋም በ70 ዓመቷ ኪራይ ቤት ገባች። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ንግዱ ከሰረ እንጂ። በሌላ አገር ስጦታ ግብርን ለመቀነስ ይጠቅም ይሆናል፤ የሚቀነስ ግብር በሌለበት ግን አሮጊት እናትን ከገዛ ቤቷ ባለቤትነት ማስወጣት ምን ዓይነት ትርፍ እንደሚያስገኝ ሊገባኝ አልቻለም። 30ኛው ስለ ጎማ ወረዳ የቡና መሬት፣ 31ኛው ስለ ሊዝ ጠይቀው ውይይቱ ትንሽ ወጣ አለ። የሊዝ ቦታ ባለቤቱ ሲሞት ወደ መንግሥት ይመለሳል የሚል ሐሳብ ተሰንዝሮ ነበር፤ የሊዝ መብት በውርስ እንደሚተላለፍ 32ኛው በአጭሩ አረመ።

ከቀሩት ምላሾች አብዛኞቹ ስለ ኑዛዜ ናቸው። ሁለት ሦስት ሰዎች እናቴ ልጆቿን ሰብስባ በቃሏ ብትናገር እንደሚበቃ አስበው ነበር። ዳኛው በ34ኛው ላይ በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሞግዚትነትና ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ እንደሚያገለግል፣ ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር ከኖረም እንደሚሻር አስረዱ። ቤት በዚህ አይተላለፍም። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑ በራሱ በጽሑፉ ላይ መገለጽ አለበት፤ ሁሉም እዚያው መፈረም አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ልጅን ከውርስ ለመንቀል የፈለገ ወላጅ በግልጽ ተናግሮ ምክንያቱን መጻፍ አለበት፤ ስሙን ዘሎ ማለፍ መንቀል አይሆንም። 37ኛዋ የጻፈችው ልቤን ነካው፦ አጎቷ የጻፈው ኑዛዜ ይዘቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ መነበቡ የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ስላልነበረበት ብቻ ተከራክረውበት አራት ዓመት በፍርድ ቤት አለፈ፤ ለጠበቃ የወጣው ገንዘብ ማንም ቀራጭ ከሚቆርጠው በላይ ነበር።

40ኛው፣ ሰነዱን በአማርኛ ወይስ በአፋን ኦሮሞ እንደምናዘጋጅ ጠየቀ። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ የወራሽነት ማመልከቻው በዚያው ቋንቋ ነው የቀረበው፤ እኅቴ ውክልናዋን ዋሽንግተን ዲሲ ካለው ኤምባሲ ልካ ወንድሜ ነው የተከታተለው። ኑዛዜውን ግን እናቴ ሁሉን ቃል እንድትሰማ በምትናገረው በአማርኛ አደረግነው፤ ምስክሮቹም አማርኛ አጣርተው የሚሰሙ እንዲሆኑ፣ በኑዛዜው ምንም የማያገኙ እንዲሆኑ ዳኛው አጥብቀው መክረው ነበር።

43ኛውና የመጨረሻው ጠያቂ፣ ሽያጩን የመከሩት ጎረቤት እንዴት እንደ ሆኑ ነበር ማወቅ የፈለገው። ኅዳር ውስጥ በአንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኑዛዜው ሲነበብ ከአራቱ ምስክሮች አንዱ እርሳቸው ነበሩ። እኔና ወንድሜ ተጠቃሚዎች ስለሆንን በረንዳ ላይ ተቀመጥን፤ በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ንባቡ ይሰማን ነበር። ግማሹን ቤት ለሦስታችን በእኩል፣ ለእኅቴ ደግሞ ረከቦቱንና ሲኒዎቹን ከነሙቀጫው ሰጠች። አንባቢው ሲጨርስ የረከቦቱን መስመር ድገምልኝ ስትለው ሰማሁ፤ ደገመላት፤ ከዚያ ብዕሩን ጠየቀች።